አሥሩ ጎሚኒዎች

በየኅብረታችሁ ዲኤክስ የሚነዳ፣ ካልሆነም ዲኤክስ የሚያልም አንድ ልጅ አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ከፕሮግራም በኋላ ሌላው ሻይ ሲጠጣ እሱ የግቢው በር ላይ ቆሞ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ያዳምጣል። ይህን ጽሑፍ አሳዩልኝ። ለኮንፈረንስ ስትሄዱ አብራችሁት የምትሳፈሩት ግን እናንተ ናችሁና፣ መኪና ግድ የማይሰጣችሁም ብትሆኑ አንብቡት። የምጽፍላችሁ ስለ ጎሚኒ ነው፤ ያውም ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያየው ስለ ኋላ እግር ጎሚኒ።

ዲኤክስ የምንለው ቶዮታ ኮሮላ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከኮሮላዎች አራተኛው ትውልድ መሆኑ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ባለ አራት በር ኮሮላ በፊት ጎማው የሚሳብ ሆነ፤ ዲኤክስ ግን የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው። በዓለም ዙሪያ የእሽቅድምድም ወዳጆች የሚያደንቁት ኤኢ86 የተባለው ኮሮላ የኋላ እግሩ አሠራር ከዲኤክስ ጋር የአንድ እናት ልጆች ያህል ይመሳሰላል። አንድ ድፍን አክስል አለ፤ እሱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙ አራት ዘንጎች አሉ፤ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዝ አምስተኛ አግድም ዘንግ አለ፤ ከላይ ደግሞ ጥቅል ሞላ ይቀመጣል። ስለዚህ ያ ልጅ ባለ 1.3 ሊትሯን መኪና እንደ እሽቅድምድም መኪና ሲያያት ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም፤ አትሳቁበት።

በአምስቱ ዘንጎች ጫፍና ጫፍ አንዳንድ ጎሚኒ አለ። አሥር ማለት ነው።

ቃሉ የጣሊያን ነው። ጋራዥ ቆማችሁ ጆሮ ብትሰጡ ሞላው፣ ክሪኩ፣ ዳዶው፣ ቡሎኑ፣ ካቻቢቴው፣ ማርሚታው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጎሚኒ በእነሱ አፍ «ትንንሽ ጎማዎች» ማለት ነው፤ እኛ ግን አንዱንም ጎሚኒ፣ አሥሩንም ጎሚኒ እንላለን። ያም ሆነ ይህ አንድ ጎሚኒ ሦስት ነገር ነው። ውጭው የብረት ቀለበት ነው። ውስጡ ቡሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ነው። በሁለቱ መካከል ከሁለቱም ጋር የተጣበቀ ጎማ አለ። ብረት ከብረት ጋር እንዳይማታ መካከል ገብቶ ዱላውን የሚቀበለው እሱ ነው። ግራሶ አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም፣ አይታይም። ሲያረጅም እንደ አምፖል ድንገት አይጠፋም፤ ጥቂት በጥቂት እየላላ ሲሄድ ነጂው አብሮት ይለምደዋል። ለዚህም ነው ጉድለቱን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ነጂው ሳይሆን እንግዳ ተሳፋሪ የሚሆነው።

በእኛ ቤት ያወቀችው እናታችን ናት።

ታናሽ ወንድሜ አዳማ ይሠራል። ዲኤክሱን የገዛው በራሱ ላብ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ከገዛው በኋላ መጀመሪያ ማርሚታውን ቀየረ፤ ከእኛ ቤት ሆናችሁ አስፋልቱ ላይ ሲመጣ ትሰሙታላችሁ። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ወስዶ ሞላዎቹን በአጭር አስቀየረና መኪናው መሬት ላይ ተኛ። የኋላ መስታወቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር «ኢየሱስ ጌታ ነው» ብሎ ለጠፈ። ከመስታወቱ በታች ያለው ሁሉ ግን ፋብሪካው ሲያወጣው እንደነበረ፣ ምናልባትም ከዚያ የባሰ ነበር።

እኔ የማስተምረው ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ባለች አጥቢያ ነው፤ እናታችንም ከእኔ ጋር ናት። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይዟት አዳማ ለቀዶ ሕክምና የሰኞ ቀጠሮ ተሰጣት። ስትመለስ ዓይኗ ይታሸጋል። በታሸገ ዓይን ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍቶ፣ በየመናኸሪያው ወርዶ መሳፈር እንዴት ይሆናል? ወንድሜ «እኔ እወስዳታለሁ፣ እኔ እመልሳታለሁ» አለ። ዓርብ ማታ መጣ። ገበያ የዋለችውን እናታችንን ከቡልቡላ አሳፍሮ ቤት አደረሳት። ስትወርድ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመችና እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ የዚህ መኪና ፊቱ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ኋላው ግን ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለው።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ጸሎቴን እኔ እጸልያለሁ» አለች፣ «የቀረው የእናንተ ነው።»

ይህን ነገር በራሳችሁ መኪና ለማወቅ እናት ላትኖራችሁ ትችላለች፤ ምልክቶቹን ልንገራችሁ። ስትነሡና ፍሬን ስትይዙ ከኋላ «ጓ» የሚል አንድ ድምፅ ይሰማል። ከባድ መኪና በጎን ሲያልፍ ነፋሱ የኋላውን ክፍል ይገፋዋል፤ መሪ ሳታዞሩ መኪናው መንገድ የለወጠ ይመስላል። የኋላ ጎማዎቹ ባልተስተካከለ መልክ ይበላሉ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙና አንድ ሰው ቀስ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ፍሬን ይያዝ፤ እናንተ ራቅ ብላችሁ ከጎን የኋላ ጎማውን ተመልከቱ። አካሉ ቆሞ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የእኛ ጎማ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ሸሸ። ወንድሜ ራሱ ሲያየው ዝም አለ።

ጎሚኒዎቹን ቀደም ብሎ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ገዝቷቸው ጓዝ መጫኛው ውስጥ በፌስታል ታስረው ኖረዋል። ጊዜ አላገኘላቸውም ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ግራሩ ሥር ጀመርን።

ላንጋኖን ለኮንፈረንስ መጥታችሁ የምታውቁ አፈሩን ታስታውሳላችሁ፤ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ ልል አሸዋና አመድ ነው። ክሪክ በዚህ ላይ ስታቆሙ የሚነሣው መኪናው ሳይሆን የሚሰምጠው ክሪኩ ነው። ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰው የተማራችሁትን እዚህ ላይ አስታውሱት። ጎረቤታችን ባለ ጋሪ ነው፤ ሁለት ወፍራም ጣውላና አንድ የተጠረበ ግንድ ይዞ መጣና ሥራው እስኪያልቅ ሄዶ አልተቀመጠም። ጋሪው ጎሚኒ የሚባል ነገር የለውም፤ ለዚህም ይመስላል የኛ መኪና ድክመት በጣም ያስደሰተው።

አሁን የምነግራችሁን ነገር በቀይ አስምሩበት። ዲኤክስ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው። እንግዲህ የኋላውን ክፍል ስታነሡ ማርሽ ብታስገቡም፣ የእጅ ፍሬን ብትስቡም መኪናውን የያዘው ምንም ነገር የለም። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት መደገፍ ግዴታ ነው። ክሪክ ደግሞ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። ካነሣችሁ በኋላ ከአካሉ ሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ አስገቡና መኪናውን በእሱ ላይ አውርዱት። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። ጓደኛችሁ ሲገባ ብታዩትም እግሩን ይዛችሁ ጎትቱት፤ ይቆጣል፣ ከዚያ ይበርድለታል።

ሁለተኛው ነገር ዘንጎቹን አንድ በአንድ መፍታት ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ ብትፈቱ አክስሉ ያሻውን አቅጣጫ ይይዝና ቀዳዳና ቡሎን ለማገናኘት ቀኑን ሙሉ ትታገላላችሁ። አንዱን አውጥታችሁ፣ ጎሚኒውን ቀይራችሁ፣ መልሳችሁ አስገብታችሁ ወደሚቀጥለው ስትሄዱ ሌሎቹ ሦስቱ አክስሉን በቦታው ይጠብቁላችኋል። ቡሎኖቹ ዝገዋል። ማታውኑ ዝገት የሚያስለቅቅ ዘይት ነስንሰንባቸው አድረን ነበር፤ አንዱ ግን እስከ እኩለ ቀን አልፈታ አለን።

አሮጌውን ጎሚኒ ከዘንጉ ማውጣት ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ነው። በየጋራዡ እሳት ለኩሰው ጎማውን ያቃጥሉታል። ጭሱ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። ከአንድ በያጅ የተዋስነው ሞርሳ ነበረን። በአንድ በኩል ከቀለበቱ ትንሽ የሚያንስ ቡሶላ፣ በሌላው በኩል ቀለበቱን ሊቀበል የሚችል ሰፊ ቡሶላ አድርጋችሁ ሞርሳውን ስታጠብቁ አሮጌው ይወጣል፤ አዲሱም በዚያው መንገድ ይገባል። እምቢ ካለ ቀለበቱን በሴጌቶ ከውስጥ ቆርጡት፤ የዘንጉን ዓይን ግን እንዳትነኩ። አዲሱን ስታስገቡ የሞተር ዘይትና ግራሶ አትቀቡ፤ ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። የሳሙና ውኃ ይበቃል። በሶስት ዘንግ ላይ ይህን ካደረጋችሁ አራተኛው ላይ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል።

ምን ዓይነት ጎሚኒ ይግባ የሚለው ላይ ከወንድሜ ጋር ተከራክረናል። እሱ የሚመኘው ውጭ አገር የሚሠራውን ቀይና ጠንካራ ፖሊዩሬቴን ነበር፤ የእሽቅድምድም መኪና ይሄን ነው የሚጠቀመው ይላል። እውነቱን ነው፣ ይጠቀማሉ። ነገር ግን በአራት ዘንግ የተያዘ ድፍን አክስል አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ሌላው ታች ስለሚቀር መጠማዘዝ አለበት፤ ያን ጥምዘዛ የሚፈቅደው የጎማው ልስላሴ ነው። ጠንካራውን ብታስገቡ አክስሉ ይታሰራል፤ ጎማውም መሬቱን ተከትሎ መሄድ ይተዋል። የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ጉብታ አያጣም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን የሰፈር ጎሚኒም አልወደውም፤ ለጊዜው ይሞላል እንጂ ከብረቱ ጋር አይጣበቅም።

እስከ ምሽት ስምንቱን ጨረስን። የቀሩት የአግድሙ ዘንግ ሁለቱ ነበሩ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ልብስ ቀይረን ስንመለስ ከወጣቶቻችን አንዷ «መምህር፣ በሰንበት?» አለችኝ። «በሬው ጉድጓድ ገብቶብናል» አልኳት። ቦታውን አስታወሰችና ሳቀች፤ የስልኳን መብራት ይዛልን እስከ መጨረሻው ቆመች።

አሮጌዎቹን አሥር ጎሚኒዎች ጣውላው ላይ ደርድረን ስናያቸው ነው ነገሩ የገባኝ። ያረጀ ጎሚኒ ዙሪያውን ይሰነጣጠቃል። የእነዚህ ግን አብዛኞቹ የተቀደዱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር፤ አንድ ሰው ይዞ እንደ ጨርቅ የጠመዘዛቸው ይመስላሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጎሚኒ አይሽከረከርም፤ ይጠመዘዛል። ዳዶውን ስታጠብቁ የውስጡ ቱቦ በሁለቱ የብረት ጉንጮች መካከል ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የሚተጣጠፈው ጎማው ብቻ ነው። ስለዚህ ዳዶው በጠበቀባት ቅጽበት መኪናው የነበረበት ቁመት ለጎማው የዕረፍት ቦታው ይሆናል። መኪናው ተነሥቶ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ብታጠብቁት የጎማው ዕረፍት ተንጠልጥሎ መኖር ሆነ ማለት ነው። መኪናውን ወደ መሬት ስታወርዱት ጎማው ይጠመዘዛል፤ ቆሞም ሳለ፣ ማንም ሳይነዳውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጠምዝዞ ያድራል። አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ወራት አለቀ ብሎ ሻጩን የሚረግም ሰው ስትሰሙ አስቀድማችሁ ዳዶው በምን ሁኔታ እንደ ጠበቀ ጠይቁት።

የወንድሜ መኪና ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ጎሚኒዎቹ በቀድሞው ከፍታ ተቆልፈው ነበር። ያ ጋራዥ ሞላውን በአጭር ሲቀይር ዳዶዎቹን አላልቶ በአዲሱ ቁመት መልሶ አላጠበቀም። መኪናው ወደ ታች ወረደ፤ ጎማዎቹ ግን በድሮ ቦታቸው እንደ ታሰሩ ቀሩ። በዚያ ላይ አግድሙ ዘንግ ርዝመቱ የማይለወጥ ስለሆነ መኪናው ሲወርድ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በእጁ ለካው፤ በቀኝና በግራ ጎማው ከአካሉ ያለው ርቀት እኩል አልነበረም። እናታችን ያለችውም ይህንኑ ነው።

ዳዶዎቹ ሁሉ በእጅ ገብተዋል፤ የቀረው ማጥበቅ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ግን መቆም ግድ ሆነ። ከማጥበቃችን በፊት መኪናው በየትኛው ቁመት እንደሚኖር መታወቅ አለበት። የድሮዎቹ ረጃጅም ሞላዎች እኔ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ አዳማ የተከራየው ክፍል ስለማይበቃው እዚህ አስቀምጧቸው ሄዶ ነበር። ሁለታችንም ስለ እነሱ እያሰብን መሆናችንን እናውቃለን።

«ጋሼ፣ ከፍ ካለ እኮ ቁመናው ይጠፋል» አለኝ።

«መኪናው ያንተ ነው» አልኩት። «ቁመቱን አንተ ወስን። እኔ የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወሰንክ በኋላ ነው የሚጠብቀው።»

ጓደኞቹ ምን እንደሚሉት፣ አዳማ ላይ መኪናው እንዴት እንደሚታወቅ ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ወጣት ነበርኩ፤ አሁንም ያን ያህል አልራቅኩም። ከባድ ነገር ነው። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮረብታና ጉድጓድ ነው፤ በአጭሩ ሞላ አክስሉ በየጉድጓዱ አካሉን ይመታል። ይህን እኔ አልነገርኩትም፤ ዓርብ ማታ አብሮ መጥቷል። እናታችን ውስጥ ሆና ለጉዞ የምትይዘውን ስታስተካክል ይሰማል። ባለ ጋሪው እንኳ ዝም ብሏል። ከቆይታ በኋላ ወንድሜ እጁን በጨርቅ ጠረገና ዕቃ ቤት ገብቶ ሁለቱን ሞላዎች በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወጣ። አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ሞላ መቀየሩ ቀላሉ ሥራ ነው። የአሞርዛተሮቹን የታች ቡሎን ፈታን፣ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር እያየን አክስሉን በክሪክ አወረድን፤ አጭሩ ወጣ፣ ረጅሙ ገባ። ከዚያ መኪናውን በጎማዎቹ መሬት ላይ አቆምነው። የእናታችንን ሻንጣና ሁለት ሰው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥን፤ ወንድሜ ከኋላ ጓዝ መጫኛውን ተደግፎ ደጋግሞ ወደ ታች ጫነው፤ እግሩ ትክክለኛ ቦታውን ይዞ ተቀመጠ። እኔ በአሸዋው ላይ በጀርባዬ ገብቼ አሥሩንም በረጅም እጀታ አጠበቅኋቸው። ክብደቱን ተሸክሞ ሳለ ማለት ነው። ጠባብ ነው፣ አቧራው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ሌላ አማራጭ ግን የለውም።

በዚያው ምሽት እስከ ቡልቡላ ደርሰን ተመለስን። «ጓ» የሚለው ድምፅ የለም። አንድ ተሳቢ በፍጥነት አለፈን፤ ነፋሱ መታን፣ መኪናው ግን መስመሩን አልለቀቀም። ወንድሜ ወደ እኔ ሳይዞር «ሌላ መኪና ነው» አለ። ማርሚታው እንደሆነ ያው ነው፤ እሱን በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ዝዋይን አልፈው መቂ ላይ ለቁርስ ሲቆሙ ወንድሜ ደወለልኝ። በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። «ምን ሆንክ?» አልኩት ደንግጬ። «እማዬ ተኝታለች» አለኝ። እናታችን መኪና ላይ ስትተኛ በዕድሜዬ አላየሁም።

በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ዓይኗ ታሽጎ መለሳት። ከወር በኋላ ብቻውን ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራችን ከመኪናው ሥር ገብቶ ዳዶዎቹን መፈተን ነበር፤ አዲስ ጎሚኒ ከገባ በኋላ ጥቂት ተነድቶ እንደገና መታየት አለበት። ዘጠኙ አልተነቃነቁም። የአግድሙ ዘንግ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበለ።